የዱቄት ትል እርባታ ከጎተራ ርቆ፣ በተረፈ ምርት ላይ ይጀመር

የዶሮ እርባታን ወደ ኋላ ከሚጎትቱት ችግሮች ዋነኛው የመኖ ዋጋ መሆኑን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በየአካባቢያቸው ከሚሰሙት ብሶት አሳምረው ያውቁታል። ዶሮ አርቢ ከሚያወጣው ጠቅላላ ወጪ ከመቶ ከ60 እስከ 70 የሚደርሰው ለመኖ የሚከፈል ነው። ከመኖውም ውስጥ ዋጋው የሚከብደው ገንቢው ክፍል፣ ይኸውም የኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተርና የዓሣ ዱቄት ነው። በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና እንቁላልን ከወተትና ከማር ጋር በግንባር ቀደምትነት ማሰለፉ ይታወሳል። ዶሮ በበዛ ቁጥር የመኖው ፍላጎት አብሮ እንደሚያድግ ግልጽ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ ተብለው ከሚነገሩት ዘዴዎች አንዱ የዱቄት ትልን በቤት ውስጥ እያረቡ ለዶሮና ለዓሣ መመገብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ነፍሳት ለምግብና ለመኖ ስለሚሰጡት ጥቅም ሰፊ ጥናት ካወጣ ወዲህ ወሬው ከአገር አገር ተዛምቷል። የአውሮፓ ኅብረትም ከነፍሳት የተገኘ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓሣ፣ በ2021 ደግሞ ለዶሮና ለአሳማ መኖ እንዲውል ፈቅዷል። ይህ አሠራር በገበሬ ማኅበራት ዘንድ በችኮላ መወሰድም ሆነ በንቀት መጣል የለበትም። በሚዛን ተመዝኖ መታየት ይኖርበታል።

ነፍሳትን ማርባት ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ንብ ማነብ ከአባት ከአያት የወረደ ሙያ ነው። የሐር ትልም በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ተጠንቶ፣ የጉሎ ቅጠል እየበላ ለገበሬው ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችል ታይቷል። ዶሮም ብትሆን ከጠዋት እስከ ማታ መሬት የምትጭረው ትልና ምስጥ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ትል ለዶሮ መስጠት የሚያስነውር አይደለም፤ ተፈጥሮዋ የሚፈልገውን ማቅረብ ነው።

የዱቄት ትል የሚባለው በሳይንስ ስሙ ቴኔብሪዮ ሞሊቶር የተሰኘው ጥቁር ጥንዚዛ ልጅ ነው። አንዲት እንስት ጥንዚዛ በዕድሜዋ ከ250 እስከ 500 የሚደርሱ እንቁላሎች ትጥላለች። እንቁላሉ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ ሙቀቱ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቦታ በሁለት ወር ተኩል አካባቢ ያድጋል። ደጋ በሆነ አገር ግን የሌሊቱ ብርድ ዕድገቱን ስለሚያጓትተው ጊዜው ይረዝማል። የደረቀ ትል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሩብ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ስብ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ትሉም በልቶ እንደሚያድግ መዘንጋት የለበትም። አንድ ኪሎ እርጥብ ትል ለማግኘት ሁለት ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈጃል። ትሉ ሲደርቅ ክብደቱ ወደ ሲሶ ስለሚወርድ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ትል ስድስት ኪሎ ያህል ፍሩሽካ በልቷል ማለት ነው። ፍሩሽካው በመቶ 15 ያህል ፕሮቲን አለው ቢባል፣ በስድስቱ ኪሎ ውስጥ 900 ግራም ፕሮቲን ነበረበት። ከትሉ የሚመለሰው 500 ግራም ያህል ብቻ ነው። እርግጥ የትሉ ፕሮቲን በጥራቱ ከፍሩሽካው ይበልጣል፤ ለዶሮዋም ይስማማታል። ሆኖም ላም ልትበላውና ወተት ልታደርገው የምትችለውን ፍሩሽካ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ ለትል መስጠት አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ይሆናል።

በሌላ አገር የደረሰውም ይህንኑ ያስተምራል። ኢንሴክት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በአሚየን ከተማ አጠገብ ታላቅ የዱቄት ትል ፋብሪካ አቋቁሞ፣ ባለሀብቶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ አፍስሰውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የፍርድ ቤት ከለላ ለመጠየቅ ተገደደ፤ በ2025 ደግሞ ንብረቱ ተጣርቶ እንዲዘጋ ተወሰነ። ያን ያህል ካፒታል ያለው ድርጅት ያልቻለውን ኪሳራ፣ ለትል ማርቢያ ተብሎ ዕዳ የገባ አነስተኛ ገበሬ ይችለዋል ተብሎ አይጠበቅም።

እንግዲህ የዱቄት ትል እርባታ የሚያዋጣው ሰውም ሆነ ከብት በማይፈልገው ተረፈ ምርት ላይ ሲመሠረት ነው። ይህ ደግሞ ከገጠሩ ይልቅ በከተማ በብዛት ይገኛል። በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ሰንጋ ተራን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የሰፈሩ ስም የሰንጋ መዋያ እንደነበረ ይመሰክራል። ዛሬ ግን የባንኮች ሕንፃዎችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች የቆሙበት ስለሆነ፣ ሰንጋ ማሰር ቀርቶ ጥቂት ዶሮዎች ማኖር እንኳ አስቸጋሪ ነው። ከየወጥ ቤቱ ግን የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የዳቦ ፍርፋሪ በየቀኑ ይጣላል። ለትል ማርቢያ የሚያስፈልገው ቦታ ከአንድ መደርደሪያ አይበልጥም። ድምፅ የለውም፤ በንጽሕና ከተያዘም አይሸትም። የደረቀ ትል ቀላል ስለሆነ ለማጓጓዝ አያስቸግርም። የከተማው ቤተሰብ ትሉን አርብቶ ቢያደርቅ፣ በሰበታ፣ በሆለታ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ ዙሪያ ያሉ ዶሮ አርቢዎች ሊረከቡት ይችላሉ። በዚህ ዓይነት የከተማው ትርፍራፊ ወደ ገጠር ወርዶ እንቁላል ሆኖ ወደ ከተማው ይመለሳል። የገበሬ ማኅበራት ከከተማ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሊነጋገሩበት የሚገባው አንዱ ጉዳይ ይህ ነው።

ከወጪው የማይተናነስ ሌላም ሥጋት አለ። የዱቄት ጥንዚዛ ስሙ እንደሚያመለክተው የዱቄትና የእህል ተባይ ነው። ነቀዝ ያስቸገረው ገበሬ በገዛ እጁ ሌላ ተባይ ወደ ጎተራው እንዳያስገባ መጠንቀቅ አለበት። ለጥቅም ተብሎ የመጣ ነፍሳት ከቁጥጥር ሲወጣ ምን እንደሚያደርስ በትግራይ ታይቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ለቀይ ቀለም ምርት በበለስ ላይ እንዲረባ የገባው ኮችኒል የተባለ ነፍሳት፣ በጊዜው እየተሰበሰበ ባለመነሳቱ ተዛምቶ የብዙ ቤተሰቦችን የበለስ ተክል አጥፍቷል። ስለዚህ የዱቄት ትል ዘር ከውጭ አገር ያለ ፈቃድ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ዘሩ ከየት እንደመጣ ማወቅና ከሥራው በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማማከር የማኅበሩ ኃላፊነት ነው።

አረባቡ አስቸጋሪ አይደለም። ጥንዚዛውም ትሉም ለስላሳ ግድግዳ መውጣት ስለማይችል፣ ጎኑ ለስላሳ የሆነ የፕላስቲክ ገንዳ ወይም ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ ሣጥን ይበቃል። በውስጡ የወፍጮ ቤት ጥራጊ ወይም የደቀቀ የዳቦ ፍርፋሪ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይነጠፋል። ውኃ አይጨመርም፤ እርጥበቱን ከድንች ወይም ከካሮት ቁራጭ ያገኛል። ቁራጩ ሳይሻግት መነሳት አለበት። የሻገተ እህል፣ የሥጋ ትርፍራፊና የከብት እበት ለትሉ መስጠት ክልክል መሆን ይኖርበታል። ጥንዚዛዎቹ እንቁላላቸውን ስለሚበሉ በየአሥር ቀኑ በወንፊት እየተለዩ ወደ ሌላ ገንዳ ይዛወራሉ። የገንዳው ማስቀመጫ እግሮች ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ቢቆሙ ጉንዳን አይደርስበትም። የደረሰው ትል በፈላ ውኃ ተነክሮ በፀሐይ ይደርቃል። የሚነፋ ሰው አቧራው የመተንፈሻ አለርጂ ሊያመጣበት ስለሚችል አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። በገንዳው ውስጥ የሚቀረው ኩስ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል፤ ነገር ግን እንቁላል ስለማይታጣበት አስቀድሞ በፀሐይ በሚገባ መድረቅ አለበት።

ትሉ ብቻውን የተሟላ መኖ አይደለም። ካልሲየም ስለሚያንሰው እንቁላል ጣይ ዶሮ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦና ተቆልቶ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ያስፈልጋታል። ከጠቅላላው መኖም ከአሥር እጅ አንድ እጁን ባያልፍ ይመረጣል።

የማኅበራት መሪዎች የሥራ ድርሻ እዚህ ላይ ይጀምራል። አንድ ማኅበር አባላቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደዚህ ሥራ ከማስገባቱ በፊት አምስት ያህል ፈቃደኛ ቤተሰቦችን መርጦ ይሞክር። እያንዳንዱ ቤተሰብ አሥር ዶሮዎችን በተለመደው መኖ፣ አሥር ዶሮዎችን ደግሞ ትል በተጨመረበት መኖ ይመግብ። ለትሉ የገባው መኖ፣ የተሰበሰበው ትል፣ የተጣለው እንቁላልና የወጣው ጉልበት በመዝገብ ይስፈር። ሙከራው የሚካሄድበት ቤት ከእህል ጎተራ የራቀ ይሁን። በገጠር ዶሮ የሚበዛው በሴቶች እጅ ስለሆነ፣ ሴቶች በውሳኔው ላይ ካልተቀመጡ ሥራው በወረቀት ላይ ይቀራል። ሙከራው ሳያልቅ ለዚህ ሥራ ብድር መውሰድም መፍቀድም አይገባም።

ሂሳቡ ሲዘጋ አንድ ኪሎ ደረቅ ትል ያስወጣው ገንዘብ፣ ያንኑ ያህል ፕሮቲን በፋጉሎ ለመግዛት ከሚያስፈልገው ካነሰ ሥራው ይስፋፋ። ከበለጠ ግን ያለ ሐፍረት ይቁም። የአባላቱን ጎተራና ኪስ ሳይነካ የተዘጋ ሙከራ ማኅበሩን አያከስረውም፤ ማኅበርን የሚጎዳው መዝገብ ሳይያዝ በወሬ ብቻ የተጀመረ ሥራ ነው።