ዓይን በማህበር ስብሰባ አይድንም

አሜሪካ ውስጥ ረዳት አብራሪ የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ሽማግሌዎቹ 65 ላይ ይውጡልን እንጂ! 67 ከተባለ እኛ መቼ ካፒቴን ልንሆን ነው? ማህበራችንም ለደኅንነት ሲባል 65 ይበቃል እያለ ነው» ይላል። በውስጥ መልሼለታለሁ። ግን ነገሩ የእሱ ብቻ ስላልሆነ እዚህም ላምጣው።

ልጁ ተራውን መፈለጉ ነውር የለበትም። እዚያ የአብራሪ ኑሮ የሚወሰነው በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። ትልቁን አውሮፕላን ማን ያበራል፣ በዓልን ማን ቤቱ ይውላል፣ ማን ካፒቴን ይሆናል፣ ሁሉም በተራ ነው። አንዱ ከላይ ሲወጣ ከታች ያለው ሁሉ ከፍ ይላል። እኔም የዲፓርትመንት ኃላፊነቱን ለማግኘት አንድ ጋሼ 60 እስኪሞላቸው ቀን ቆጥሬ አውቃለሁ። ግን «ማስተማር አይችሉም» ብዬ አላውቅም። ከእኔ ይሻሉ ነበራ!

ነውሩ ያለው ማህበሩ ጋ ነው። ታሪኩን እዩት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1960 60 ዓመት የሞላው አብራሪ የአየር መንገድ አውሮፕላን እንዳያበር ሲከለከል፣ ትልቁ የአብራሪዎች ማህበር አልፓ ሕጉን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በ1980 ተገልብጦ የዚያው ሕግ ደጋፊ ሆነ። በ2007 እንደገና ተገልብጦ ድጋፉን ተወ፤ በዚያው ዓመት ኮንግረስ 65 አደረገው። በ2023 የተወካዮች ምክር ቤት 67 ይሁን ሲል ደግሞ ማህበሩ ደኅንነት ብሎ ተቃወመ። በ2024 በወጣው ሕግ 65 እንዳለ ቀረ።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የሃይስኩል መምህር ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን የ60 ዓመት ሰው ዓይን በ1980 ታሞ በ2007 አይድንም። የተለወጠው ጥቅም ነው። ጡረታው ጥሩ በነበረበት ዘመን 60 ላይ መውጣት ያዋጣ ነበር። ከ2001 በኋላ አየር መንገዶቹ ከሰሩ። የዩናይትድ ጡረታ በ2005 ወደ መንግሥት መድን ተዛወረ፣ የብዙዎቹም ክፍያ ተቆረጠ። የመድኑ ስሌት መነሻው 65 ስለሆነ፣ ሕግ አስገድዶት 60 ላይ የወጣ አብራሪ ቀድሞ እንደወጣ ተቆጥሮ የክፍያ ጣሪያው ዝቅ አለበት። ያኔ ነው አቋም የተቀየረው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ማህበሩ ሐቀኛ መከራከሪያ የለውም አልልም። የዓለም አቀፉ ደንብ 65 ስለሆነ 66 የሞላው ሰው ወደ ውጭ አገር መብረር አይችልም። ወደ አገር ውስጥ በረራ ሲመለስ ሌላ ሥልጠና ይፈልጋል፣ የሌላውንም ተራ ያዛባል። ይሄን ማህበሩ ራሱ ያነሳዋል። ጥሩ ክርክር ነው። ታዲያ እሱን አስቀድሙ! በየ6 ወሩ የጤና ምርመራ የሚያልፍን ካፒቴን፣ ለዓመታት መዋጮ የከፈላችሁን ሰው፣ ለምን ታስፈራሩበታላችሁ? ምርመራውን ያላለፈ 45 ዓመቱም ቢሆን ይውረድ።

የ2007ቱ ሕግ የጸደቀው ዲሴምበር 13 ነው። ከሳምንት በፊት 60 የሞላው ወደ ተራው አልተመለሰም። ከሳምንት በኋላ የሞላው 5 ዓመት ተጨመረለት። ከታች የነበረው ወጣት ደግሞ 5 ዓመት ጠበቀ። ሦስቱም የአንድ ማህበር አባል ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲህ ማህበር የሚያስፈልገው ለዚህ ጊዜ ነበር፦ «ይሄ የጥቅም ጉዳይ ነው፣ ጉዳቱን እንዴት እንካፈለው?» ብሎ በግልጽ ለማወያየት።

ልጄ፣ «ተራዬን እፈልጋለሁ» ስትል አከብርሃለሁ። «አደገኛ ናቸው» ስትል ግን አስብበት። አንተም 64 ይሞላሃል፤ ዛሬ የምትለው ቃል ያኔ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ እንገናኝ። ስድብ እንደ ክፍሌ ክልክል ነው።