በቀርሜሎስ ተራራ የቆፈሩት ሴቶች

ያለፈውን ዘመን ታሪክ ከመሬት ቆፍሮ የሚያወጣው የአርኪዮሎጂ ሙያ ሲነሣ፣ በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ባርኔጣ የደፋ ወንድ ምሁርና ዶማ የያዙ ወንዶች ሠራተኞች ናቸው። ሙያው ገና ሳይጠነክር ከተካሄዱት ታላላቅ ቁፋሮዎች አንዱ፣ ከመሪዋ አንሥቶ አፈሩን እስከሚለቅሙት ድረስ፣ በአመዛኙ የሴቶች ሥራ እንደነበረ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በዛሬው ዓምዳችን የምናወሳው ስለዚሁ ቁፋሮ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ቦታው አንባቢ ከነቢዩ ኤልያስ ታሪክ የሚያውቀው የቀርሜሎስ ተራራ ነው። ከሐይፋ ከተማ በስተደቡብ፣ በተራራው ምዕራባዊ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የሆኑ ዋሻዎች አሉ። ፍልስጤም በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ሳለች የሐይፋን ወደብ ለመሥራት ድንጋይ ይፈለግ ስለነበር፣ የዋሻዎቹን አለት ለመፍለጥ ታሰበ። በ1928 ለሙከራ ሲቆፈር ግን ከአጥንት የተቀረጸ የእንስሳ ምስል ተገኘና የድንጋይ ፈለጣው ሐሳብ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የዋሻዎቹን ቁፋሮ እንድትመራ የመጣችው ዶሮቲ ጋሮድ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች።

ጋሮድ በ1892 የተወለደች የሐኪም ልጅ ናት። ሦስት ወንድሞቿን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አጥታለች። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንታ ብትጨርስም፣ ዩኒቨርሲቲው በዚያን ጊዜ ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበርና አብረዋት እንደተማሩት ወንዶች አልተመረቀችም። ከዚያም በኦክስፎርድና በፈረንሳይ አገር የጥንቱን የሰው ልጅ ታሪክ ተማረች፤ በ1926 በጂብራልታር ባካሄደችው ቁፋሮ የአንድ የኒያንደርታል ሕፃን የራስ ቅል አገኘች። ኒያንደርታሎች በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ይኖሩ የነበሩ፣ ለእኛ በዘር የሚቀርቡ፣ ዛሬ ግን የሌሉ ሰዎች ናቸው።

የቀርሜሎስ ቁፋሮ ከ1929 እስከ 1934 ድረስ ዘልቋል። ጋሮድ ለሥራው የቀጠረችው በአብዛኛው በአቅራቢያው ካሉት ከጃባና ከኢጅዚም መንደሮች የመጡ የዐረብ ሴቶችን ነው። ወንዶችም ነበሩ፤ የእነርሱ ድርሻ ግን ትልልቅ ድንጋይ መፈንቀልና ሌላው ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ትዕግሥትና የሠላ ዓይን የሚጠይቀው ቁፋሮና ለቀማ በሴቶቹ እጅ ተከናወነ።

ይህ ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ ለእናቶች ማስረዳት አያስፈልግም። ምስር የለቀመች ሴት አንዲት ጠጠር ከመካከሉ ስትገኝ እንዴት ዓይን ውስጥ እንደምትገባ ታውቃለች። ልዩነቱ እዚያ የሚለቀመው የተወረወረ አፈር መሆኑና ጠጠር የሚመስለው ነገር ምናልባት ሰው ያበጀው የባልጩት ስለት፣ ምናልባትም የአጥንት ስባሪ መሆኑ ነው። አፈሩም ጥቂት አልነበረም፤ ታቡን በተባለው ዋሻ ብቻ የአፈሩ ንብብር ውፍረት ከ20 ሜትር በላይ ነው።

ከሠራተኞቹ አንዷ ዩስራ ትባላለች። የምትታወቀው በዚህ በአንድ ስሟ ብቻ ነው። በየዓመቱ ወደ ቁፋሮው እየተመለሰች ልምድ ስላካበተች፣ አፈሩ ወደ ወንፊት ከመግባቱ በፊት ዕቃና አጥንት የሚለቅሙት ሴቶች አለቃ ለመሆን በቃች። በ1932 በታቡን ዋሻ አንዲት ጥርስ ዓይኗ ውስጥ ገባች። ያችን ጥርስ ይዘው ቀስ እያሉ ሲፈለቅቁ የተጨፈለቀ የራስ ቅል ወጣ፤ የቀረውም አካል አብሮ ተገኘ። የኒያንደርታል ሴት ነበረች። በጎረቤት ዋሻ ደግሞ እንደ እኛ ያሉ የጥንት ሰዎች አጽም ስለተገኘ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ተራራ ምን ግንኙነት ነበራቸው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ምሁራንን ሲያከራክር ኖሯል። ያቺ ጥርስ ሳትታይ ብትወረወር ኖሮ የክርክሩ ግማሽ ማስረጃ በጎደለ ነበር።

በዚያ ዓመት ከጋሮድ ጋር የሠራችው ወጣት ጃኬታ ሆክስ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንዳስታወሰችው፣ ዩስራ ካምብሪጅ ሄዶ የመማር ምኞቷን ታጫውታት ነበር። ምኞቱ የቀልድ ይመስላቸው የነበሩ ይኖሩ ይሆናል። በበኩላችን ግን ከቀልድ አንቈጥረውም፤ ድንጋዩን ከመሣሪያ፣ ጥርሱን ከጠጠር በመለየት ረገድ ብዙ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ይዘው የማይደርሱበት ደረጃ ላይ ነበረችና። ይሁን እንጂ አልሄደችም።

ሌላዋ መነሣት ያለባት ዶሮቲያ ቤት ናት። በ1898 ገና የ19 ዓመት ልጃገረድ ሳለች ማንም ሳይጠራት ወደ ለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገብታ ሥራ የጠየቀች ናት። ተቀበሏት፤ ለብዙ ዓመት ግን የሚከፈላት በሠራችው ልክ እንጂ እንደ ቋሚ ሠራተኛ አልነበረም። ከቀርሜሎስ የተላኩትን የእንስሳት አጥንቶች የመረመረችው እሷ ናት። በየንብብሩ የዋላና የሜዳ ፍየል አጥንት ቈጥራ አወዳደረች። ዋላ ጫካና እርጥበት፣ የሜዳ ፍየል ደረቅ ሜዳ ስለሚወዱ፣ የአንዱ መብዛትና የሌላው ማነስ የአገሩ አየር እንዴት እንደተለዋወጠ ይናገራል አለች። በዚያን ዘመን እንዲህ ብሎ ያሰበ ሰው ብዙ አልነበረም።

ጋሮድና ቤት ሥራቸውን በ1937 በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1939 ጋሮድ የካምብሪጅ የአርኪዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆና ተመረጠች፤ በካምብሪጅም ሆነ በኦክስፎርድ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ናት። ይሁንና ሴቶች የዩኒቨርሲቲው ሙሉ አባል ስላልነበሩ፣ ለተማሪዎቹ እያስተማረች በዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጉዳይ ድምፅ መስጠት አትችልም ነበር።

ካምብሪጅ ለሴቶች እንደ ወንዶቹ ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በዐረቦችና በእስራኤል ጦርነት፣ የጃባና የኢጅዚም ነዋሪዎች ተፈናቅለው መንደሮቹ ባዶ ቀሩ። ዩስራ ያገኘቻት ሴት አጽም በለንደን ሙዚየም ይገኛል። ዋሻዎቹን ዩኔስኮ በ2012 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።