እንግዳ ሰውና እንግዳ ነገር

«እንግዳ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት መልክ አለው። «እንግዳ መጣ» ሲባል ቤተ ሰቡ ተነሥቶ መቀመጫ ይለቃል፤ «እንግዳ ነገር ታየ» ሲባል ግን ሰው ሁሉ ለማየት ይሽቀዳደማል። ቋንቋውን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ልዩነት በሚገባ ያስተውሉት ዘንድ፥ ዛሬ ከሀርጌሳ ሆነን ስለ አንድ የጠፋ የመጫወቻ ሥፍራ እናወሳለን።

ዓርብ ዕለት በዚህ ከተማ ወላጆች ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ መናፈሻ ሲወጡ ስናይ ደስ ይለናል። ልጆቹ በዥዋዥዌ ይጫወታሉ፤ የሚመለከቷቸውም የገዛ ወላጆቻቸው ናቸው። ነገር ግን ከዚሁ ከሶማሌ ምድር የሄዱ ሰዎች፥ በመጫወቻ ሥፍራ ራሳቸው ትርኢት ሆነው የቀረቡበት ዘመን ነበር።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. በሜይ ወር፥ በሱፍ ጨርቅ ሥራ በበለጸገችው በእንግሊዝ አገር ከተማ በብራድፎርድ፥ ሊስተር ፓርክ በተባለው መናፈሻ አንድ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። በዓሉም በመኪና የሚሠራውን ሽመና ለፈለሰፈው ለኤድመንድ ካርትራይት መታሰቢያ የታነጸው አዳራሽ ምረቃ ነበር። ሕዝቡን ለማስደሰት ከከፍታ ተንሸራተው ወደ ሐይቁ የሚወርዱ ጀልባዎች፥ በቍልቍለት ኀይል ብቻ የሚሮጥ ባቡርና መንገዱ የሚያደናግር የመስተዋት ቤት ተሰናዱ። እንዲህ ያለው መጫወቻ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነገር ነበር፤ በኒው ዮርክ ስመ ጥር የነበረው ሉና ፓርክ እንኳ የተከፈተው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1903 ነው።

ከነዚህም መካከል በአጥር የተከለለ «የሶማሌ መንደር» ነበረበት። ስድሳ ያህል ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት ጎጆ ሠርተው ኖሩበት። ሲሸምኑ፥ ጦር ሲወረውሩ፥ ሲጨፍሩ፥ ልጆቻቸውም ሲማሩ፥ ተመልካቹ ገንዘብ እየከፈለ ያያቸው ነበር። 350,000 ያህል ሰዎች ጎበኟቸው። በዚያው ዓመት በጃኑዋሪ ወር የእንግሊዝ ጦር ከሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ሠራዊት ጋራ በጅድባሌ ተዋግቶ ስለ ነበር፥ የሶማሌ ስም ለእንግሊዝ ሕዝብ የጦርነት ወሬ ነበረ።

ሰዎቹ ለሥራ የሄዱ እንጂ ምርኮኞች አልነበሩም። የሆነው ሆኖ፥ አጥሩ ሕይወትን ሊከለክል አይችልምና በመንደሩ ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሐዲጃም ተብላ በተወለደችበት አውራጃ ስም ዮርክሻየር ተጨመረላት። ሐሊሞ አብዲ ባተል የተባለችው ወጣት ደግሞ አገሯን ሳታይ ሞታ በዚያው በብራድፎርድ ተቀበረች። በኦክቶበር ወር መጨረሻ ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ፤ መንደሩም ጠፋ። ዛሬ አዳራሹና መናፈሻው አሉ፤ ጎጆዎቹ ግን የሉም።

በዚያ ዘመን ሀርጌሳ ከበርበራ ወደ ሐረር የሚያልፉ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ትንሽ ከተማ ነበረች። በሶማሌ ልማድ ለመጣ መንገደኛ ወተት ይቀርብለታል። እንግዲህ እንግዳ መቀበልን የለመዱ ሰዎች፥ በሰው አገር እንግዳ ነገር ሆነው ቆዩ ማለት ነው። ክፍያ ከፍሎ የገባው ሁሉ ክፉ ሰው ነበር አንልም፤ ብዙዎቹ ከልጆቻቸው ጋራ ለመዝናናት የመጡ ሠራተኞች እንደ ነበሩ አያጠራጥርም። ጥፋቱ በአጥሩ ነው፤ አጥር ባለበት ዓይን ያያል እንጂ አፍ አይነጋገርም።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ መናፈሻ ሲወስዱ፥ መልኩ ወይም አለባበሱ ያልለመዱት ሰው ቢያጋጥማቸው በጣት እንዳይጠቁሙበት ያስተምሯቸው። ለሥራ ወደ ሰው አገር የሄደ ባለሥልጣንም አስቀድሞ የሚማረው «ስምዎ ማን ነው?» የሚለውን ቢሆን መልካም ነው። ስሙን የነገረን ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቶ እንግዳችን ይሆናል።