ከስተምስና ጉምሩክ በሞያሌ
በኬንያዊቱ ሞያሌ «ከስተምስ» ሲባል ሰምቶ፣ ኬላውን ተሻግሮ በኢትዮጵያዊቱ ሞያሌ «ጉምሩክ» ሲባል የሚሰማ መንገደኛ፣ ሁለቱን ቃላት ቀረጥ ከመጠየቅ በቀር የሚያዛምዳቸው ያለ አይመስለውም፤ ዳሩ ግን የፊተኛው ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የወረደ፣ በነጠላው ልማድ ማለት ሲሆን፣ ነጋዴ ለንጉሥና ለባላባት በልማድ ሲገብር የኖረው ቀረጥ፣ በ1275 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ንጉሥ በቀዳማዊ ኤድዋርድ ዘመን በበግ ጠጉር ላይ የጸናው ጭምር፣ ስሙን ከዚያው ወርሷል፤ የእኛው ጉምሩክ ደግሞ በግሪክና በቱርክ ልሳን ዞሮ የመጣ፣ ሥርወ ቃሉ ያው ላቲን፣ ትርጓሜውም ንግድ ነው። በእኔ አስተያየት (የጉምሩክ ሹማምንት ይቅር ይበሉኝና) ለዚህ ቆላ ይበልጥ የሚስማማው የእንግሊዙ ስም ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች በ1907 እ.ኤ.አ. የተዋዋሉት ወሰን ለሁለት የከፈለው የቦረና ሕዝብ፣ ከብቱን ወደ ውኃና ወደ ሣር ሲነዳ የኖረው በልማድ እንጂ በደረሰኝ አልነበረምና።