«ወንድ ናት!» እና የፓት ሰሚት እምቢታ

ጎበዝ ሴት ስናይ «ወንድ ናት!» ብለን የማድነቅ ልማድ አለን። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አይደለም፤ እንዲያውም ከሙገሳዎቹ ሁሉ ትልቁን መስጠቱ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ሴት የምትደርስበት የመጨረሻው ከፍታ ወንድ መባል ከሆነ፣ ሴት እንደሆነች ከፍ የምትልበት ቦታ የለም ማለት ነው።

ልማዱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ የነበረችው ፓት ሰሚት ሁለት ጊዜ፣ በ1994 እና በ2001፣ የወንዶቹን ቡድን እንድትይዝ ተጠይቃ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለች።

የወንዶቹ ጨዋታ ገንዘቡም ዝናውም ይበልጣል፤ ታዲያ ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለውን እድገት ይገፋል? ብዙዎች እንዲህ ማለታቸው አይቀርም። እኛ ግን ከዋንጫዎቿ ሁሉ ይልቅ የምታስተምረን ይህችው እምቢታ ናት እንላለን። ለምን እንደሆነ ለማየት ከመነሻዋ እንጀምር።

ፓት ሥራውን የጀመረችው በ1974 ነው፤ ዕድሜዋ 22 ነበር። የመጣችው ረዳት ልትሆን ሲሆን፣ ዋናዋ አሰልጣኝ በመሄዷ ኃላፊነቱ እሷው ላይ ወደቀ። ደመወዟ በወር 250 ዶላር። ማልያ የምታጥበው እሷ፣ ተጫዋቾቹን በመኪና የምታመላልሰው እሷ። የመጀመሪያ ጨዋታዋንም በሜርሰር ዩኒቨርሲቲ 84 ለ 83 ተሸነፈች።

በእርግጥ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1972፣ «ታይትል ናይን» የሚባለው ሕግ ወጥቷል። ሕጉ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚቀበል የትምህርት ተቋም ውስጥ በጾታ አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ነገር ግን ሕግ በወጣ ማግስት ሜዳ አይሠራም፤ ተመልካችም አይመጣም። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ እንኳ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ማዘጋጀት የጀመረው በ1982 ነው። ሕጉ በሩን ከፈተ፤ ቤቱን የሚሠራው ግን ሌላ ሰው ነበር።

ፓት በዚያው ወንበር 38 የውድድር ዘመን ቆየች። 1,098 ጊዜ አሸነፈች፣ 208 ጊዜ ተሸነፈች። ከ1987 እስከ 2008 ባለው ጊዜ 8 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነች። በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ በተጫዋችነት ብር፣ በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ደግሞ በአሰልጣኝነት ወርቅ አገኘች። ሥራ ስታቆም በወንዶችም ሆነ በሴቶች በኮሌጆቹ የላይኛው ዲቪዚዮን እንደ እሷ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈ አሰልጣኝ አልነበረም፤ ሌሎች ያለፏት በኋላ ነው። ለእኛ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፦ የተፈቀደላቸውን የጨዋታ ዓመታት ቴነሲ የጨረሱ ተጫዋቾቿ ሁሉ ዲግሪያቸውን ይዘው ነው የወጡት።

በወር ከ250 ዶላር የተነሳችው አሰልጣኝ በ2006 ዓመታዊ ክፍያዋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ልብ በሉ፤ ወንበር አልቀየረችም። የተቀመጠችበትን ወንበር ነው ከፍ ያደረገችው።

«የወንዶቹን ቡድን ብትይዝ ኖሮ ሌላ አጥር አትሰብርም ነበር?» የሚል ሊኖር ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወንዶችን ማሰልጠን የምትፈልግ ሴት መንገዱ ሊዘጋባት አይገባም፤ ይህን አጥብቀን እንደግፋለን። ነገር ግን ሌላውን ጎንም እንይ። በ1972 በአሜሪካ ኮሌጆች ካሉት የሴቶች ቡድኖች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሴቶች ይሠለጥኑ ነበር። ሕጉ ገንዘብና ክብር ሲያመጣ ወንዶች መጡ፤ የሴት አሰልጣኞች ድርሻም ከግማሽ በታች ወረደ። ወንድ ሴቶችን ማሰልጠኑ ነውር የለበትም፤ የፓት ዋና ተቀናቃኝ የነበረው የኮኔክቲከቱ ጂኖ ኦሪማ ከእሷ በላይ ዋንጫ አንስቷል። ከሴቶች ወደ ወንዶች ቡድን የሚወስደው መንገድ ግን እስከ ዛሬ ጭር ያለ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ምርጧ አሰልጣኝ ሴቶቹን ትታ ብትሄድ «እዚህ ያለው መለማመጃ ነው፤ ዋናው እዚያ ነው» ብላ በገዛ እጇ መፈረሟ አልነበረምን?

«ዋናው» የምትለዋ ቃል ደግሞ እኛም ቤት አለች። «ብሔራዊ ቡድናችን» ስንል ዋልያዎቹን ነው፤ ሉሲዎቹ ሲመጡ «የሴቶች» የምትል ቅጽል እንጨምራለን። አንዱ ስም፣ ሌላው ቅጽል ያለው ስም! ማንም ሕግ አላዘዘንም፤ እኛው ነን የምንጽፈው፣ እኛው ነን የምንናገረው። ለሴቶቹ ሜዳና በጀት ይሰጥ ብሎ መጮኽ ተገቢ ነው፤ እንጮኻለንም። ግን ብዕራችን ሁለተኛ ያደረጋቸውን ሴቶች በጀት ብቻውን አንደኛ አያደርጋቸውም።

ፓት በ2011፣ በ59 ዓመቷ፣ አልዛይመር እንደያዛት ለሕዝብ ተናገረች፤ አንድ የውድድር ዘመን ጨምራ አሠለጠነችና በ2012 ተሰናበተች። በ2016 በ64 ዓመቷ አረፈች። በሙያዋ የመጨረሻ ዘመን ከእሷ የሸሸው ትዝታ ሌላ ቦታ ተጽፎ ቀርቷል፦ ከ2005 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ሜዳ በስሟ ይጠራል። ሜዳው የጋራ ነው። «እድገት ነው» ተብሎ የቀረበላት የወንዶቹ ቡድንም የሚጫወተው እዚያው፣ በእሷ ስም ላይ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ጎበዝ ሴት ስናይ ምን እንበል? «ጎበዝ ናት» ቢባል ምን ይጎድልበታል?