ከጉልበት ሥር የተሰበረ አጥንት



ከዛፍ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ሰው የቅልጥሙ አጥንት ከጉልበት ሥር ሊሰበር ይችላል። የጉልበት መገጣጠሚያ የሚያርፈው በዚህ አጥንት ራስ ላይ ነው፤ ሰርጉዶ ከገጠመ ጉልበት ይጣመማል። ስለዚህ ሐኪሙ የሰረጎደውን አንስቶ፣ ክፍተቱን በአጥንት ሞልቶ፣ በብረትና በብሎን ያጸናዋል። ስብራቱ ቦታውን ካልለቀቀ ያለ ቀዶ ሕክምናም ሊድን ይችላል።

ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸትና አጥብቆ ማሳሰር ግን የደም ዝውውርን አግዶ እግርን ሊያሳጣ ይችላል። እብጠቱ ከጠጠረ፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም እግሩ ከደነዘዘ ጊዜ ሳይባክን ሆስፒታል ይወሰድ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በእግሩ አይረገጥም። ሶላት ግን አይቀርም፤ መቆም ያቃተው ተቀምጦ ይሰግዳል። መታከምን ያዘዙን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸውና ሐኪም ዘንድ መሄድ በአላህ መመካትን አይጻረርም። ወላሁ አዕለም።