የጣና መረጃ ለጣና ሕዝብ
እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ፣ የደምቢያና የፎገራ ሰፊው ገበሬ አረሙን በእጁ እየነቀለ መታገሉ የሚዘነጋ አይደለም። ተመራማሪዎች የአረሙን ስፋት ሲለኩ ግን በአመዛኙ የተደገፉት በባዕዳን ሳተላይቶች ምስል ነው። ከእነዚህ አንዱ የአሜሪካው ላንድሳት ሲሆን፣ ምስሎቹ በ2001 ዓ.ም. ለዓለም ሁሉ በነፃ ተከፍተዋል። ይህ በጎ ተግባር መሆኑን መካድ አይገባም።

ሆኖም በዚያች ሀገር የሳይንስ ዜና ራሱ የርዕዮተ ዓለም መፋለሚያ ሆኗል። የአየር ንብረት ጥናት ከማስረጃው ይልቅ በፓርቲ ወገንተኝነት ሲመዘን ይታያል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥልጣን በያዙበት ዕለት አሜሪካ ከፓሪሱ ስምምነት እንድትወጣ አዘዙ፤ በዚያው ዓመት አስተዳደራቸው የናሳን የሳይንስ በጀት በግማሽ ገደማ የሚቀንስ ዕቅድ አቀረበ። ታዲያ በዋሽንግተን የሚዘጋ በር ባሕር ዳርን አይነካም የሚል ማን ነው?

የእኛም ቤት ቢሆን ከነቀፌታ አያመልጥም። ስለ ጣና የሚታተመው ጥናት አብዛኛው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በታንኳ ዓሣ የሚያሰግረው ወገናችን ስለ ገዛ ሐይቁ የሚነገረውን አያነብም። የእምቦጭ ዘር በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት የሚቆይ መሆኑን ያልተነገረው ገበሬ፣ የነቀለው አረም ተመልሶ ሲበቅል ድካሙ ከንቱ ይመስለዋል። እንግዲህ ልኬቱ በየወቅቱ በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ ዘመቻው ያልሠመረበትም ውጤት ሳይሸሸግ።